ቁጥር ሳይሆን ስም ይዘን እንሂድ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች የጉዞ አስተባባሪዎችና የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ጉባኤያችን ስለ መንፈሳዊ ጉዞ አዘገጃጀት የሚመክር ነው። ስለ አውቶቡስ ኪራይ፣ ስለ ስንቅና ስለ ምዝገባ ከእኛ በኋላ የሚናገሩ ወንድሞች ስላሉ ወደዚያ አንገባም። እኛ የምናነሣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን ያቀረቡልን አንዲት እናት ናቸው፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ ሠርተን አልጨረስነውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን የፍልሰተ ዐፅም በዓል ምክንያት በማድረግ ወደ ደብረ ሊባኖስ ጉዞ አዘጋጅተን ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከዚሁ ከ18 ማዞሪያ ተነሣን። በዊንጌትና በአዲሱ ገበያ አልፈን፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥተን፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን ተሻግረን፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ከገዳሙ ደረስን። አስቀደስን፤ ጠበል ጠጣን፤ ስንቃችንን ፈትተን በላን፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን፤ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውንም አየን። መርሐ ግብራችን ሳይዛነፍ ተፈጸመ።

ወደ አውቶቡሱ ልንገባ ስንል በዕድሜ የገፉ አንዲት የአጥቢያችን እናት እጃችንን ይዘው፣ «ልጆቼ፣ ሁሉን አሳያችሁን፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአባቴ ወንድም ስም የተጻፈበትን ግን አላሳያችሁኝም። የት ነው?» አሉን።

የአባታቸው ታላቅ ወንድም ዲያቆን ነበር። በ1929 ዓ.ም. የግንቦትን ተክለ ሃይማኖት ለማክበር ወደ ገዳሙ እንደ ወጣ ቀረ። እናቱ «ይመጣል» እያሉ፣ ተዝካሩን ሳያወጡ እርሳቸውም አረፉ። አባታቸውም «ሞቷል ብሎ የነገረኝ የለም፤ በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ተዝካር ይወጣል?» ሲሉ ኖረው አለፉ። እኒህ እናት ወደ ገዳሙ የመጡት በአባታቸው ፈንታ ስሙን ፈልገው ሊያገኙ ነበር።

በዚያን ሰዓት በእጃችን አንድ መዝገብ ነበር። የ60 ተሳፋሪ ስም፣ የስልክ ቁጥርና የከፈሉት ገንዘብ በጥንቃቄ ተጽፎበታል። አንድ ሕፃን ምሳ በልቶ እንደሆነ ብንጠየቅ ከመዝገቡ አይተን መመለስ እንችላለን። በዚያ በምንቆምበት ምድር ስለ ወደቁት ግን የአንድ ሰው ስም አልያዝንም። የገዳሙንም አባቶች አስቀድመን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛ የአዘጋጆቹ ነው፤ ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረውም ሌላው አጥቢያ እንዳይደግመው ነው።

በ1929 ዓ.ም. የሆነው

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት በሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት ላይ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን መከራ ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ይመሰክራል። ብዙዎቻችን በታክሲ በአጠገቡ እናልፋለን፤ ወርደን በግርጌው የተቀረጸውን የምናይ ግን ጥቂቶች ነን።

ነገሩ በአዲስ አበባ አላበቃም። ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በሤራው አሉበት ብሎ ለጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲ ትእዛዝ ሰጠ። የተመረጠው ጊዜ የበዓሉ ሰሞን፣ ግንቦት 12፣ ነበር። በበዓሉ ምክንያት በገዳሙ የሚገኙት መነኮሳቱ ብቻ አልነበሩም፤ ከልዩ ልዩ ሀገር የመጡ ካህናት፣ ደባትር፣ የአብነት ተማሪዎች፣ ተሳላሚ ምእመናንም ነበሩ። ተከብበው ተያዙ። ግንቦት 13 ቀን በጭነት መኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ወንዝ ዳር ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ለጊዜው በሕይወት የቆዩት ዲያቆናት ደግሞ ከጥቂት ቀናት በኋላ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ በሚባለው ስፍራ ተገደሉ።

ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና ተባባሪዎች ናቸው የተባሉ 23 ሰዎች መረሸናቸውን፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስታወቀ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የተባሉ ተመራማሪዎች የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የዓይን ምስክሮች ጠይቀው በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርስ ገመቱ።

አባቶችና እናቶች፣ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት እናስተውል። በገዳዩ ቴሌግራም ውስጥ እንኳ ያልተቆጠሩ ብዙ መቶ ሰዎች አሉ። እነዚህ እነማን ናቸው? ሁሉም የገዳሙ ማኅበር መነኮሳት አይደሉም። ከየደብሩ፣ ከየአጥቢያው ለበዓል የሄዱ እንግዶች ይገኙባቸዋል። የገዳሙ መዝገብ የገዳሙን ማኅበር ያውቅ ይሆናል፤ እንግዳውን ግን የሚያውቀው የላከው ቤት ነው። ስለዚህ የብዙዎቹ ስም የሚገኘው ደብረ ሊባኖስ ሳይሆን እዚህ በየቤታችን፣ በሽማግሌዎቻችን አፍ ነው። ያች እናት ስሙን ከእኛ ጠየቁ፤ ስሙ ግን ከእርሳቸው ዘንድ ነበር። እኛ መጠየቅ ሲገባን ተጠየቅን።

ልንሄድባቸው የማንችላቸው ቦታዎች

በላጋ ወልዴ የወደቁት ቢያንስ የወደቁበት ምድር ይታወቃል። ወደ ማጎሪያ ካምፕ የተጋዙት ግን ይህም የላቸውም። ከየካቲት 12 በኋላ ከአዲስ አበባ የተያዙ ብዙ ሰዎች፣ ከደብረ ሊባኖስም ከገዳሙ ጋር ግንኙነት ነበራቸው የተባሉ ምእመናን፣ በሶማሊያ ጠረፍ ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ ወደሚገኘው ወደ ዳናኔ ተጋዙ። በዳናኔ ለሦስት ዓመት ተኩል ታስረው የቆዩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት የምስክርነት ቃል፣ በዚያ ከታሰሩት 6,500 ሰዎች መካከል 3,175ቱ እንደ ሞቱ ተናግረዋል። የገደላቸው ጥይት ብቻ አልነበረም፤ የተበላሸ ውኃ፣ በቂ ያልሆነ ምግብ፣ የወባ በሽታና የጠረፉ ሙቀት ነበር። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች መካከል የምትገኘው ኖኩራም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኢጣልያኖች እጅ የእስረኛ ደሴት ነበረች። ከመኳንንቱና ከቤተሰቦቻቸው ደግሞ ወደ ኢጣልያ የተወሰዱ ነበሩ። በፒያኖ ዜማቸው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ በምትባል ደሴት ታስረው ነበር።

ዳናኔ አውቶቡስ ተከራይተን የምንሄድበት አይደለም። ኖኩራም እንደዚሁ። በዚያ ለሞተ ሰው ወገኑ ሄዶ የሚቆምበት መቃብር ስለሌለው ያለው ብቸኛ ስፍራ አንድ ሰው ስሙን የጻፈበት ወረቀት ነው። ያም ካልተጻፈ ምንም የለውም።

ሌሎች እንዴት አሰቡ?

በዓለም ላይ የማጎሪያ ካምፕ የነበሩ ቦታዎች መታሰቢያ ሆነው በየዓመቱ እጅግ ብዙ መንገደኛ ይጎበኛቸዋል። በጀርመን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ከሙኒክ ከተማ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ዳካው መሄድ ይችላሉ። ዳካው በ1933 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በካምፑ 2,720 ካህናትና መነኮሳት እንደታሰሩ፣ ከእነርሱም 1,034ቱ እንደ ሞቱ ተመዝግቧል። የሚበዙት የካቶሊክ ካህናት ናቸው፤ ኦርቶዶክሳውያንም ነበሩባቸው፤ የሰርቢያው ጳጳስ ኒኮላይ ቬሊሚሮቪች በዚያ ታስረው ነበር። ይህን ያህል በዝርዝር መናገር የተቻለው የታሰሩት ካህናት በስም ተመዝግበው ስለተገኙ ነው።

በፖላንድ አውሽዊትዝ፣ በአንዱ የእስረኞች ሕንፃ ውስጥ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ ግዙፍ መጽሐፍ ተቀምጧል። ከ4 ሚሊዮን በላይ የሟቾች ስም በፊደል ተራ ታትሞበታል። ጎብኚዎች ገጾቹን እየገለጡ የአያታቸውን፣ የአክስታቸውን ስም ይፈልጋሉ። ያገኘ ሰው ጣቱን በስሙ ላይ አሳርፎ ይቆያል። ያች እናታችን በደብረ ሊባኖስ የፈለጉት ይኸን ነበር።

ያ መጽሐፍ እንዴት ተዘጋጀ? በኢየሩሳሌም የሚገኘው ያድ ቫሼም የተባለው ተቋም ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ የምስክርነት ገጽ እያዘጋጀ ዘመድና ጎረቤት እንዲሞላው አደረገ። ገጹ የሟቹን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የተወለደበትን ቦታ፣ መስካሪው ማን እንደሆነ ይይዛል። አንድ ሰው፣ አንድ ገጽ። ስሞቹ በሚሊዮን የተቆጠሩት አንድ በአንድ ተሰብስበው ነው። የተቋሙም መጠሪያ የተወሰደው ከነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 56 ቁጥር 5 ሲሆን፣ እግዚአብሔር በቤቱ ውስጥ መታሰቢያና ስም እንደሚሰጥ የሚናገር ቃል ነው። እኛም ይህን ክፍል እናነባለን፤ ስለ መዝገብ እንደሚናገር ግን ልብ ብለነው አናውቅም።

ተቃራኒውንም እንመልከት። በ2012 እ.ኤ.አ. ከሮም ብዙም በማትርቀው አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶ ተመረቀ። ኢትዮጵያውያንም ኢጣልያውያንም ተቃወሙት። ያሠሩት ባለሥልጣናት በፍርድ ቤት ተከሰው ነበር። ይሁን እንጂ ያስገደለው ሰው ስሙ በድንጋይ ሲጻፍ የተገደለው ዲያቆን ስም በወረቀት እንኳ ሳይጻፍ 80 ዓመት አልፏል። የአፊሌን ድንጋይ መቃወም ተገቢ ነው። ወረቀቱን መጻፍ ግን ከእኛ በቀር የሚሠራልን የለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን አሳብ በኮሚቴያችን ስናቀርብ ሁለት ተቃውሞ ተነሣ። ሁለቱም በቅንነት የተነገሩ ስለሆኑ በአክብሮት እንመልሳቸው።

የመጀመሪያው፣ «ምእመናን በረከት ፈልገው ይሄዳሉ፤ ለምን ኀዘን እንቀሰቅስባቸዋለን? ቂምስ አናስተምርምን?» የሚል ነው። መልሳችን፣ ቂም ስም ከመጥራት አይመጣም። ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን የምታስበው በክርስትና ስማቸው እየጠራች ነው፤ ለዚህም ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ሠርታለች። ይህ ሁሉ ሥርዓት የተሠራው ኀዘን ወደ ጸሎት እንዲለወጥ ነው። ቂም የሚሆነው ሥርዓት ያጣ ኀዘን ነው። ያ ቤተሰብ ለሁለት ትውልድ ተዝካር ሳያወጣ የኖረው ስላልወደደ ሳይሆን የሚያረጋግጥለት ስላጣ ነው። የጠየቁንም እናት ጥላቻ አልተናገሩም፤ የጠየቁት ስም ነው።

ሁለተኛው፣ «ይህ የታሪክ ምሁራን ሥራ ነው፤ ሰበካ ጉባኤ ምን አግብቶት?» የሚል ነው። ምሁራኑ ድርሻቸውን ሠርተዋል፤ ቁጥሩን የነገሩን እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ምሁር በእያንዳንዱ ግቢ ገብቶ ከእያንዳንዷ እናት ጋር ቡና ሊጠጣ አይችልም። ሰበካ ጉባኤ ግን አባላቱን በቤት፣ በንስሐ አባት፣ በዕድር፣ በጽዋ ማኅበር ያውቃል። ከዚህ የሚቀርብ መዋቅር በሀገሪቱ ውስጥ የለም። ደግሞም ያዩት ሰዎች አልፈዋል፤ ዛሬ ያሉት ከአባቶቻቸው የሰሙት ናቸው፤ እነርሱም አርጅተዋል። በየወሩ በአንዳችን አጥቢያ ከአንድ አረጋዊ ጋር አንድ ስም ይቀበራል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የምናቀርበው አሳብ በጀት የሚጠይቅ ፕሮጀክት አይደለም፤ አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብና ሁለት ትጉሃን ሰዎች ይበቃሉ።

ከጉዞው 2 ወር አስቀድሞ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገር፦ በ1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ፣ በየካቲት 12፣ ወይም በዳናኔና በሌሎች ማጎሪያዎች የቀረ ዘመድ ያለው ምእመን ለኮሚቴው ያስታውቅ። አረጋውያን ወደ ቢሮ አይጠሩ፤ ጸሐፊው ከንስሐ አባታቸው ጋር ወደ ቤታቸው ይሂድ። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ይሰጥ። በገጹ የሟቹ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የነበረበት አጥቢያ፣ ሥራው ወይም ማዕርጉ፣ ስለ አሟሟቱ የተሰማው፣ ከማን እንደተሰማ፣ የመስካሪው ስምና ቀኑ ይጻፍ። ያልታወቀው ነገር በግምት አይሞላ፤ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ። ክፍት ቦታውን ሌላ መስካሪ መጥቶ ይሞላው ይሆናል፤ በግምት የተሞላውን ግን የሚያርመው አይገኝም። ቤተሰቡ ስሙ በአደባባይ እንዲነበብ ካልፈቀደ ፈቃዱ ይከበር። መዝገቡ በ2 ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በአጥቢያው ዕቃ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው በገዳሙ አባቶች ፈቃድ ለገዳሙ ይሰጥ።

ስለ ጉዞውም ጥቂት እንጨምር። ለገዳሙ አስተዳደር አስቀድመን ደብዳቤ እንጻፍ፤ ስለ ሰማዕታቱ የሚነግረን አባት እንዲመደብልን እንለምን። በጉዞው ጠዋት፣ ሱሉልታን ካለፍን በኋላ፣ መዝሙሩ ጋብ ብሎ በ1929 ዓ.ም. የሆነው ለሩብ ሰዓት ያህል በእርጋታ ይነገር፤ ሰው የት እንደሚቆም አውቆ ይውረድ። የሰማዕታቱ መታሰቢያ ባለበት ስፍራ ስንቅ አይፈታ፤ ሳቅና ፎቶግራፍ ይቆይ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ስሞቹ ይነበቡ። ሕፃናትን እንዳይሰሙ አናርቃቸው፤ ለዕድሜያቸው በሚስማማ ቃል ይነገራቸው፤ ከተገደሉት መካከል በእነርሱ ዕድሜ አካባቢ የነበሩ የአብነት ተማሪዎች ነበሩና። ወደ ገዳሙ መሄድ የማይችል አጥቢያ ደግሞ ስድስት ኪሎ አለለት፤ ከ18 ማዞሪያ በታክሲ የሚደረስበት ነው።

መደምደሚያ

ስለ እናታችን ነገር ሳንነግራችሁ ብንቀመጥ ቅር ይላችኋል። ከጉዞው በተመለስን በሳምንቱ ከንስሐ አባታቸው ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈልቶ ጠበቁን። የአጎታቸውን የክርስትና ስም፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የቆጠረበትን ደብር፣ ከቤት ሲወጣ የለበሰውን ሳይቀር ነገሩን፤ አባታቸው ደጋግመው ያጫወቷቸውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ይዘውታል። በላጋ ወልዴ ይውደቅ፣ በእንገጫ ይውደቅ፣ ወይስ ወደ ዳናኔ ይጋዝ፣ አልታወቀም፤ በገጹም «አልታወቀም» ተብሎ ተጽፏል። ስሙን በዚህ ጉባኤ አንጠራውም፤ የቤተሰቡ ነውና። ነገር ግን የመዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ እርሱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ስሙ በገዳሙ ተነበበ። እናታችን ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር አብረውን አልሄዱም። ስንመለስ በስልክ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ተዝካሩን አሁን ማውጣት ይቻላል» አሉ። ልጆቻቸው ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ጋግረው፣ ካህናቱ ተጠርተው፣ ከ80 ዓመት በላይ የዘገየው ተዝካር ወጣ።

በመዝገባችን ዛሬ 11 ገጽ ተሞልቷል። ከጠፉት ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ አዳራሽ ያሉት አጥቢያዎች እያንዳንዳቸው ይህን ያህል ቢሰበስቡ ግን በመጪው ግንቦት ከ18 ማዞሪያ የሚነሡት አውቶቡሶች ስም ይዘው ይሄዳሉ። ባዶ መዝገቦቹን በበሩ አጠገብ አስቀምጠናል፤ ስትወጡ ለየአጥቢያችሁ አንዳንድ ውሰዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።